ጳጉሜ የሌላት አገር

ሙሐረቅ ላይ ሌሊት የለም፤ መብራት ነው ያለው።
የኔም ሥራ ወንበር መግፋት ነው፤
የዛለ ጉልበት፣ የተሰበረ ዳሌ
ከበር ወደ በር ማድረስ ነው ዕድሌ።

እሷ ግን እግሯ ደህና ነበር።
የፈለጉኝ ለአፌ ነው፤
«ያገርህ ሰው ናት፣ ና አስረዳልን» ብለው
ከትራንዚቱ መስኮት በእጅ ጠቅሰው።

አስካለ ድንቁ ገብረየስ፣ የዶዶላ ሴት።
አማን ላይ እህቷ ወድቃ ሆስፒታል አስገብተዋት፣
ስትወድቅ መነጽሯ ከእሷ ጋር ተሰብሮ፣
ቤት የቀረው አሮጌው፣ ክሩ ተቋጥሮ፣
ይኸው በአስካለ እጅ በመሐረብ ታስሮ።

ሳጂ የሚሉት የኬረላ ልጅ ፓስፖርቷን ገልጦ
ቀኑ ላይ ቆመ፣ ጣቱን አስቀምጦ።
«ስድስት ወር ያልሞላው አያሳፍርም፤ ንገራት።»
ነገርኳት።

ሳቀች። «ስድስት አለው እኮ ወንድሜ፤
ቆጥሬ ነው የመጣሁ፣ በጣቴ፣ ደጋግሜ።
ዛሬ መጋቢት አንድ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣
ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ መጨረሻ።»
ስድስት ጣት ዘረጋች፤ አንዱ ቀለበት ያለው፣
አንዱን ማጭድ በልቶት ጥፍሩ የጠመመው።

ሳጂም በማሽኑ ቆጠረ። ማሽኑ
መጋቢት አያውቅም፤ ማርች አሥር ነው ቀኑ።
እስከ ሴፕቴምበር አሥር፣ አለ፣ አምስት ቀን ይጎድላል።

አምስት ቀን።
ያኔ ገባኝ። ጳጉሜ ናት።

እኛ ከዓመቱ ጫፍ ለብቻዋ አኑረናት፣
በዝናቧ ታጥበን በአዲስ ልብስ የምንሸኛት፤
እነሱ በየወሩ ኪስ በታትነው ሸሽገዋት፣
አንዷን በማርች፣ አንዷን በሜይ፣
አንዷን በጁላይ፣ አንዷን በኦገስት፤
አምስተኛዋን የት እንዳደረሷት እንጃ።

«ጳጉሜን ሳትቆጥሪ» አልኳት።
«ጳጉሜ ደግሞ መቼ ወር ሆና
ደሞዝ ተከፍሎባት ታውቃለች?» አለች።

ለሳጂ ተረጎምኩለት፣ አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን።
ተደነቀ፤ አለቃውን ጠራ። አለቃው አማን ደወለ።
አማን ዝም አለ፤ ቆይቶ እምቢ አለ።
«ጥሩ ታሪክ ነው» አለኝ አለቃው፣ «ግን ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»
ቦሌ ላይ ያሳለፋት ማን ነው? እሱን የጠየቀ የለም።

የመልሱ አውሮፕላን ገና አሥራ ስምንት ሰዓት ነበረው።
በመስታወቱ ማዶ ከተማው ይበራል፤ ታክሲ፣ መስጊድ፣ የባሕር ድልድይ።
«አገሩ ይሄ ነው?»
«ነው።»
«ገብቻለሁ?»
«አልገባሽም።»
«ከኛስ ወጥቻለሁ?»
«ማኅተሙ ወጥተሻል ይላል።»
«እና የት ነኝ?»

ወንበሬን አቀረብኩላት።
ተቀመጠች፣ በደህና እግሯ።
ከአንድ ቁጥር በር እስከ ሃያ ስድስት፣ ደግሞም መልሼ፣
ገፋኋት ሳልናገር፤
ወንበር ላይ ያለን ሰው ዘበኛ አይጠይቅማ።

ሲነጋ መነጽሩን ሰጠችኝ።
«ወሩ የሞላለት ሰው ስታገኝ ላክልኝ።
የሆስፒታሉን ስም መሐረቡ ላይ ጽፌዋለሁ።
መነጽር እንኳ ፓስፖርት አይጠየቅም» አለችና
ሳቀች፤ ቀድሞ እንደሳቀችው አይደለም።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ። የአማን በር ሲከፈት
ሰልፉ አጠገብ እቆማለሁ፣ መሐረቡን ይዤ።
አንዱ «ምን እንዳለበት በምን አውቃለሁ» አለኝ፤ እውነቱን ነው።
አንዷ ስልኳን አየች። አንድ ሽማግሌ ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ
ልጁ በዓይኑ ገሰጸው፤ መለሰው።

ትናንት ሌሊት፣ አዳራሹ ጭር ሲል፣
አጠለቅኩት።
የበረራው ሰሌዳ ተጠጋኝ፤ ከተሞች ሁሉ አፍንጫዬ ሥር መጡ።
አዞረኝ፤ አወለቅኩት።

«ያንተስ ፓስፖርት መቼ ያልቃል?» አለኝ ሳጂ፣ ሻይ ይዞ።
የኔ ካምፓኒው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከሰጠኋቸው ወዲህ
አላየሁትም።
በጣቴ ልቆጥር ጀመርኩ፤
ከየትኛው ወር እንደምነሳ ጠፋኝ።